ልጆቹ አልተፋቱም፦ ከፍቺ በኋላ ልጅን ለብቻ ስለማሳደግ



ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝ የራሴ ስሕተት ነው። ከዓመታት በፊት በሆሳዕና ከተማ በማገለግልባት አጥቢያ የሕፃናት ቀን አዘጋጅተን ነበር። ልጆቹ ጥቅስ በቃላቸው ተናገሩ፤ ዘመሩ፤ ምዕመናኑም በእልልታ ተቀበሏቸው። በመጨረሻ እኔ ወደ መድረኩ ወጥቼ፣ «አሁን ልጆች ሁሉ የአባቶቻችሁን እጅ እየያዛችሁ ወደ ፊት ኑ፤ አባቶች እጃቸውን ጭነው ይባርኳችኋል» አልሁ። መልካም ነገር ያደረግሁ መስሎኝ ነበር። በሳምንቱ አንዲት እኅት ወደ ቢሮ መጥታ፣ «ፓስተር፣ ልጄ ከእንግዲህ ቤተ ክርስቲያን አልሄድም አለኝ» አለችኝ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነው። ለምን እንደሆነ ብትጠይቀው፣ «እኔ የማንን እጅ ይዤ ልውጣ?» አላት።

የዚህ ልጅ ወላጆች ከተፋቱ ሦስት ዓመት ሆኗቸው ነበር። አባቱ ደቡብ አፍሪካ ነው፤ እዚያም ሌላ ቤት መሥርቷል። ከሁሉ ይልቅ ያሳፈረኝ ግን ይህ ነው፤ ባልና ሚስቱን ለማስታረቅ ከተቀመጡት ሽማግሌዎች አንዱ እኔ ነበርሁ። ስድስት ወር ሙሉ ተመላልሰን ደክመናል። ፍቺው ከተፈጸመ በኋላ ግን የዚያን ቤት ደጃፍ አንድ ቀን እንኳ አልረገጥሁም። ትዳሩ ሲያበቃ የእኛም ሥራ ያበቃ መስሎን ነበር። ልጆቹ ግን እዚያው ነበሩ።

እግዚአብሔር ፍቺን እንደሚጠላ ሁላችን እናውቃለን (ሚል 2፥16)። ጌታ ኢየሱስም ስለ ፍቺ ሲጠየቅ ሰዎቹን የመለሳቸው ወደ መጀመሪያው፣ ወደ ፍጥረት ነው (ማቴ 19፥3-9)። ይህን ትምህርት ማላላት አልፈልግም። ነገር ግን ዛሬ የምንነጋገረው ፍቺ ይገባል ወይስ አይገባም በሚለው ላይ አይደለም። ፍቺው ሆኗል፤ ወረቀቱ ተፈርሟል። በማግስቱ ጠዋት ልጆቹ ቁርስ ይፈልጋሉ፤ ደብተር ይፈልጋሉ፤ «አባዬ የት ነው?» ወይም «እማዬ መቼ ትመጣለች?» ብለው ይጠይቃሉ። በዚያ ጠዋት ብቻውን የቆመው ወላጅ ምን ያድርግ? ቤተ ክርስቲያንስ ምን ታድርግ?

እነዚህ ወላጆች እነማን ናቸው?

በሆሳዕና፣ በዱራሜ፣ በሾኔ፣ በሺንሺቾ፣ በአንጋጫና በዙሪያቸው ባሉ ከተሞች ይህ ጥያቄ የጥቂቶች አይደለም። ከ1990ዎቹ ዓመታት ጀምሮ ከሀዲያና ከከምባታ ብዙ ወንዶች በኬንያ፣ በታንዛኒያ፣ በማላዊና በሞዛምቢክ አድርገው ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄደዋል። እኅቶቻችንም ወደ ዐረብ አገሮች ለቤት ሠራተኝነት ሄደዋል። ከእነርሱ መካከል ትዳራቸውን በታማኝነት ጠብቀው ቤት የሠሩ፣ ልጆች ያስተማሩ ብዙዎች አሉ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ነገር ግን ርቀቱ ትዳራቸውን የበላባቸውም አሉ። ስልኩ መጀመሪያ በየሳምንቱ፣ ቀጥሎ በየወሩ ይደወላል፤ በመጨረሻም በሰው በኩል ወሬ ይመጣል። እዚሁ አንድ ጣሪያ ሥር እየኖሩ በመጠጥ፣ በድብደባ ወይም በዝሙት ምክንያት የተለያዩም አሉ።

ስለዚህ ብቻውን የሚያሳድግ ወላጅ ስንል ሁልጊዜ እናት ብቻ አይምሰለን። ሚስቱ ከሄደች በኋላ ትንሽ ሴት ልጁን ፀጉር ማበጠር የተማረ አባትም በመካከላችን አለ። እርሱም እርዳታ ያስፈልገዋል፤ ለመጠየቅ ግን ከሴቷ ይልቅ ያፍራል።

«ሴት ያሳደገው» የሚለው ስድብ

በአማርኛችን አንድን ወንድ ልጅ ማዋረድ የፈለገ ሰው «ሴት ያሳደገው» ይለዋል። ሥርዓት የሌለው፣ ያልተቀጣ ማለቱ ነው። ይህ ስድብ በሰፈር ብቻ ሳይሆን በእኛም መካከል ይሰማል። አንድ ልጅ በሰንበት ትምህርት ክፍል ሲረብሽ፣ «ምን ይደረግ፣ አባት የለው» እንላለን። አባቱ ቤት ያለ ልጅ ሲረብሽ ግን ልጅነት ነው ብለን እናልፋለን።

እስቲ ወደ ቃሉ እንመለስ። አጋር ከአብርሃም ቤት ስትሰናበት የተሰጣት እንጀራና አንድ አቁማዳ ውኃ ነበር (ዘፍ 21፥14)። ውኃው በቤርሳቤህ ምድረ በዳ አለቀ። እርስዋም የልጁን ሞት እንዳታይ ከቁጥቋጦ ሥር ጥላው ርቃ ተቀመጠችና አለቀሰች። እዚህ ላይ ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ ያለቀሰችው እናቲቱ እንደሆነች ተጽፎ ሳለ፣ እግዚአብሔር የሰማው የልጁን ድምፅ እንደሆነ ተነግሯል (ቁ. 17)። እኛ ሽማግሌዎች የባልንና የሚስትን ክርክር ስንሰማ ዝም ብሎ ጥግ የተቀመጠውን ልጅ ድምፅ አንሰማም፤ እግዚአብሔር ግን ይሰማል። ሁለተኛ፣ ለአጋር የተሰጣት ትእዛዝ ልጁን እንድታነሣና በእጅዋ እንድትይዘው ነበር (ቁ. 18)። የውኃውን ጉድጓድ ያየችው ከዚያ በኋላ ነው። እግዚአብሔርም ከልጁ ጋር ነበረ፤ ልጁም አደገ፤ ሚስት የመረጠችለትም እናቱ ነበረች (ቁ. 20-21)። አባት የሚያደርገውን እርስዋ ፈጸመች።

ታሪኩ በዚህ አያበቃም። አብርሃም ሲሞት የቀበሩት ይስሐቅና እስማኤል ሁለቱ አብረው ናቸው (ዘፍ 25፥9)። በእኛ አገር ለቅሶ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ በአባቱ ቀብር ላይ የቆመን ልጅ «አንተ ማን ነህ?» የሚል የለም። እስማኤል ከቤት ቢወጣም ልጅነቱ አልወጣም።

ጢሞቴዎስንም አስቡ። አባቱ የግሪክ ሰው እንደነበረ ብቻ ተነግሮናል (ሐዋ 16፥1)። እምነቱ ግን የመጣው ከአያቱ ከሎይድና ከእናቱ ከኤውንቄ ነው፤ ቅዱሳት መጻሕፍትንም ያወቀው ከሕፃንነቱ ጀምሮ ነው (2ጢሞ 1፥5፤ 3፥15)። አባቱ ይሙት ይኑር አልተጻፈም። በመንፈሳዊ ነገር ግን ጢሞቴዎስ ሴት ያሳደገችው ልጅ ነው። ጳውሎስም አልናቀው፤ ልጄ አለው፤ አገልግሎቱንም አደራ ሰጠው። ነቢዩ ሕዝቅኤልም ልጅ የአባቱን ኃጢአት እንደማይሸከም በግልጽ አስተምሯል (ሕዝ 18፥20)። እግዚአብሔር ያላሸከመውን እኛ በምን ሥልጣን እናሸክመዋለን?

በልጁ ላይ የማይጫኑ ሦስት ሸክሞች

ትዳር በፍርድ ቤት ሊፈርስ ይችላል። አባትነትንና እናትነትን የሚያፈርስ ፍቺ ግን የለም። ባልና ሚስት የነበሩ ሁለት ሰዎች ሲለያዩ ልጁ ማንንም አልፈታም። ይህን የሚረሳ ወላጅ ሳያውቅ ሦስት ከባድ ሸክሞች በልጁ ላይ ይጭናል።

1. ዳኛ ማድረግ። «አባትህ ያደረገኝን አየህ? እስቲ አንተ ፍረድ» የምትል እናት፣ ወይም «እናትሽ ናት ቤቱን ያፈረሰችው» የሚል አባት ልጁን በማይችለው ወንበር ላይ አስቀምጦታል። ልጁ ግማሹ ከአባቱ፣ ግማሹ ከእናቱ ነው። በአንዱ ላይ ሲፈርድ በራሱ ግማሽ ላይ ይፈርዳል። «አንተም እንደ አባትህ ነህ» የሚለው ንግግር በቁጣ ቀን ይወጣል፤ በልጁ ልብ ግን ለዓመታት ይቀመጣል።

2. መልእክተኛ ማድረግ። «ገንዘብ ላክ በለው»፣ «አዲሷ ሴት ምን ትመስላለች? አይተህ ንገረኝ» እያልን ልጅ አንላክ። ጉዳይ ካለን በስልክ፣ በሽማግሌ ወይም በሕግ እንጨርስ። ልጅ አባቱን የሚያገኘው በዓመት አንድ ቀን ከሆነ፣ ያ ቀን የቀለብ ክርክር ቀን መሆን የለበትም።

3. በትዳር ጓደኛ ቦታ ማስቀመጥ። ይህ ከሁሉ የሚሰወር ነው፤ ምስጋና ይመስላልና። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ «ከእንግዲህ የቤቱ አባወራ አንተ ነህ» ይባላል። እናቱ የብድሩን ጭንቀት፣ የሌሊቱን ለቅሶ ሁሉ ለእርሱ ታካፍላለች። ታላቅ ሴት ልጅም ለታናናሾቿ እናት ሆና ትምህርቷ ይቀራል። ልጅ በቤት ሥራ ማገዙ መልካም ነው፤ ውኃ ይቅዳ፤ ሱቅ ይላክ። የትልቅ ሰው ኀዘን ግን ለትልቅ ሰው ይነገራል። እናቶች ሆይ፣ የምታለቅሱበት ትከሻ የእኅት ወይም የእናት ይሁን እንጂ የልጃችሁ አይሁን።

እውነቱን እንዴት እንንገራቸው?

ብዙ ወላጆች «ገና ልጅ ነው» ብለው ዝም ይላሉ፤ ወይም «አባትህ ለገና ይመጣል» እያሉ በየዓመቱ ያታልላሉ። ልጆች ግን ከጎረቤት ይሰማሉ። ባልተነገራቸውም ቦታ የራሳቸውን ታሪክ ይሠራሉ፤ ብዙ ጊዜም የሚሠሩት ታሪክ «እኔ ስላጠፋሁ ነው የሄደው» የሚል ነው። ስለዚህ እንደ ዕድሜያቸው አጭር እውነት ንገሯቸው። ለትንሽ ልጅ፣ «አባዬና እኔ ከእንግዲህ አንድ ቤት አንኖርም። ይህ የሆነው በአንተ ጥፋት አይደለም። እኔ አልተውህም» ማለት ይበቃል። ሲያድግ ይጠይቃል፤ በጠየቀው መጠን ይመለስለት። የአባቱን በደል በዝርዝር መናገር ግድ አይደለም፤ ውሸት መናገርም አያስፈልግም።

ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ሁኔታም አለ። ያ ወላጅ የሚደበድብ ወይም ልጅን የሚያስነውር ከሆነ፣ ልጁን ከአደጋ መጠበቅ ይቀድማል። ይቅርታ ማለት ልጅን ለሚጎዳው ሰው አሳልፎ መስጠት ማለት አይደለም።

ፍቅርና ተግሣጽ

ብቻውን የሚያሳድግ ወላጅ በሁለት ጽንፍ ይፈተናል። አንዳንዱ ልጁ ስላሳዘነው ምንም አይከለክለውም። ከውጭ ያለው አባትም በሌለበት ፋንታ ውድ ስልክ ይልካል፤ ልጁም ስልኩን ይዞ ሌሊቱን ያነጋል። ሌላው ደግሞ «ሴት ያሳደገው እንዳይባል» ብሎ ከመጠን ያለፈ ይገርፋል። ሁለቱም ከፍርሃት የሚመጡ ናቸው። ሐዋርያው አባቶች ልጆቻቸውን እንዳያስቈጡ፣ በጌታ ምክርና ተግሣጽ እንዲያሳድጉ አዝዟል (ኤፌ 6፥4)።

ልጅን የሚያጸናው የማይለዋወጥ የቤት ሥርዓት ነው፤ የሚበላበት፣ የሚያጠናበት፣ የሚተኛበት ሰዓት፤ ማታ ማታም አጭር ጸሎትና አንድ የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም። እኛ የእንሰት አገር ሰዎች ነን። እንሰት ለምግብ እስኪደርስ ዓመታት ይፈጅበታል፤ በመካከልም ከአንድ ቦታ ተነቅሎ ወደ ሌላ ቦታ ይተከላል፤ አንዳንዴም ሁለትና ሦስት ጊዜ። መነቀሉ አይገድለውም። የሚገድለው ፍግና ጠባቂ ማጣቱ ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

ብዙ እኅቶች «አማኝ ሆኜ እንዴት እከሳለሁ?» ብለው የልጆቻቸውን መብት ይተዋሉ። ጳውሎስ በወንድሞች መካከል ስላለው ክርክር የጻፈው (1ቆሮ 6፥1-8) ስለ ራሳችን መብት መተውን ያስተምራል። ቀለብ ግን የእናቲቱ ሳይሆን የልጁ ነው። ለቤተ ሰቡ የማያስብ ሰው ሃይማኖትን እንደካደ ያስተማረውም ያው ጳውሎስ ነው (1ጢሞ 5፥8)። በመጀመሪያ በቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች በኩል ይሞከር፤ እንቢ ካለ ግን ወደ ፍርድ ቤት መሄድ በቀል አይደለም።

እነዚህን ነጥቦች ማወቅ ይጠቅማል።

• በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ልጅ ወላጆቹን የማወቅና የእነርሱን እንክብካቤ የማግኘት መብት እንዳለው፣ ልጅን በሚመለከት ውሳኔም የልጁ ጥቅም መቅደም እንዳለበት ይደነግጋል።

• በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአምስት ዓመት በታች ያለ ልጅ፣ ከባድ ምክንያት ከሌለ በቀር፣ ከእናቱ ጋር እንዲሆን ይል ነበር። ብዙ ሰው ዛሬም ሕጉ ይህ ይመስለዋል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) በአንቀጽ 113 ፍርድ ቤቱ የሁለቱን ወላጆች ገቢ፣ ዕድሜ፣ ጤንነትና አኗኗር፣ እንዲሁም የልጆቹን ዕድሜና ጥቅም አይቶ እንዲወስን ያዛል። የቀድሞው የደቡብ ክልልም በ1996 ዓ.ም. የራሱን የቤተሰብ ሕግ አውጥቷል።

• ፍርድ ቤቱ ልጁ ከማን ጋር እንደሚኖር ብቻ ሳይሆን ቀለቡንና ከሌላው ወላጅ ጋር የሚገናኝበትንም ሁኔታ ይወስናል። ሁኔታዎች ሲለወጡ ውሳኔው እንዲሻሻል ማመልከት ይቻላል።

• በቀድሞው ሕግ የቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ትዳርን ማፍረስ ይችሉ ነበር። በተሻሻለው ሕግ ፍቺን የሚወስነው ፍርድ ቤት ብቻ ነው። ስለዚህ በሽማግሌ ፊት «በየወሩ ይህን ያህል እልካለሁ» ተብሎ የተገባ ቃል በፍርድ ቤት እንዲጸድቅ ማድረግ ብልኅነት ነው።

• በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ያለ በቂ ምክንያት ለልጆቹ የሚገባውን ቀለብ የሚከለክል ወላጅን ያስቀጣል።

ከዚሁ ከቀድሞው የደቡብ ክልል የሄደ አንድ ጉዳይም አለ። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በ2000 ዓ.ም. በመዝገብ ቁጥር 23632 ወስኖበታል። እናቱ የሞተችበትን ልጅ አክስቱ ለዓመታት አሳድጋው ነበር፤ አባቱ ከዘመናት በኋላ መጥቶ ልጁን ጠየቀ። የክልሉ ፍርድ ቤቶች ለአባቱ ፈረዱ። ሰበር ችሎቱ ግን የልጁ ጥቅም ይቀድማል ብሎ ውሳኔውን ሻረው። ጉዳዩ የፍቺ ባይሆንም ትምህርቱ ለሁላችን ነው። መውለድ ብቻውን አባት አያደርግም፤ መገኘት ያስፈልጋል። ዝርዝሩን ለመረዳት በየወረዳችሁ ያለውን ፍርድ ቤት ወይም የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ጠይቁ።

ቤተ ክርስቲያን ምን ታድርግ?

ያዕቆብ ንጹሕ አምልኮ ወላጆች የሌላቸውን ልጆችና ባልቴቶችን በመከራቸው መጠየቅ እንደሆነ ጽፏል (ያዕ 1፥27)። ባሏ ለሞተባት እኅት ድንኳን እንተክላለን፤ እድሩ ይመጣል፤ ሰው ለቀናት አብሯት ያድራል። ለተፈታችው ግን ድንኳን የለም። እርስዋም ኀዘንተኛ ናት፤ ኀዘኗ ግን ሐሜት ተጨምሮበታል። ስለዚህ አገልጋዮች የሚከተሉትን ብናደርግ መልካም ነው።

ሀ. ፍቺ ሲፈጸም የሽምግልናው ፋይል አይዘጋ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ቢያንስ ለአንድ ዓመት ያንን ቤት የመጎብኘት ኃላፊነት ይሰጠው። ለሐሜት በር እንዳይከፈት ከባለቤቱ ጋር ይሂድ።

ለ. በደል ያልተገኘባትን እኅት «ነገሩ እስኪበርድ» ብለን ከመዘምራን ወይም ከሕፃናት አገልግሎት አናውጣት። ሳናውቀው ልጆቹንም አብረን እናወጣቸዋለን።

ሐ. መስከረም ሲመጣ የደብተርና የዩኒፎርም ወጪ ይከብዳል። ምጽዋት እንዳይመስል በዲያቆናት በኩል በጸጥታ ይደረግ።

መ. ለወንዶች ልጆች መልካም አባት ምን እንደሚመስል የሚያሳዩ የታመኑ ወንድሞች፣ ለሴቶች ልጆችም የታመኑ እናቶች ይኑሩ። ይህ ግን በወላጁ ፈቃድ፣ በግልጽ ቦታ፣ ሌላ ሰው ባለበት ይሁን። አባት የሌለውን ቤት ክፉ ሰዎችም ይፈልጉታልና።

ሠ. በመድረክ ላይ የምንናገረውን እንመዝን። «አባቶቻችሁን ይዛችሁ ኑ» ከማለት «የሚወዳችሁን ትልቅ ሰው ይዛችሁ ኑ» ማለት ምን ይከብዳል?

ለራቀው ወላጅ

ወንድሜ ሆይ፣ በጆሃንስበርግም ሆነ በደርባን ሆነህ ይህን የምታነብ ከሆነ፣ ወይም አንቺ በዐረብ አገር ያለሽ እኅቴ፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ስለ ትዳሩ ማን እንደ በደለ አሁን አልጠይቅም። ለልጃችሁ ግን ደውሉ። በቀጠራችሁት ቀንና ሰዓት ደውሉ። ገንዘብ በሌለ ጊዜም ደውሉ። «ስለማልልክ አፍሬ ነው የማልደውለው» ያለኝ አባት አለ። ልጁ የሚጠብቀው ግን ከገንዘቡ በፊት ድምፁን ነበር።

ያንን የዘጠኝ ዓመት ልጅ ከባለቤቴ ጋር ቤቱ ድረስ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅሁት። መጀመሪያ አላየኝም። ቡና እስኪፈላ ድረስ መሬት መሬት እያየ ተቀመጠ። ልንወጣ ስንነሣ ግን፣ «ፓስተር፣ በሚቀጥለው ጊዜ ከእናቴ ጋር መውጣት ይቻላል?» አለኝ። ይቻላል አልሁት። በተከታዩ ዓመት የሕፃናት ቀን የእናቱን እጅ ይዞ ወጣ፤ እኔም በሁለቱ ላይ እጄን ጭኜ ባረክኋቸው።

ለብቻችሁ የምታሳድጉ ወላጆች ሆይ፣ እግዚአብሔር የልጆቻችሁን ድምፅ ይሰማል። አንሡአቸው፣ በእጃችሁም ያዙአቸው። እኛም አብረናችሁ እንድንይዛቸው ጌታ ይርዳን።

ጌታ ይባርካችሁ። አሜን።